ዶቅዶቄ እና ድምፅ የሌለው ሞተር

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዶቅዶቄ በሚለው ቅጽል ነው። እናቱ ያወጡለት ስም የፋብሪካው መታወቂያ ላይ ተጽፎ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ግን ማንም ዞር ብሎ አንብቦት አያውቅም።

እናቱ ምጥ ሲይዛቸው በሰፈሩ የተገኘው መኪና የአሸዋ ገልባጭ ብቻ ነበር። ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ጋቢናው ውስጥ፣ ዳገቱ መሃል ተገላገሉ። ልጁ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ የሰማው የሰው ድምፅ ሳይሆን የዚያን ገልባጭ ማቃሰት ነበር። ነገሩ እዚያው ሳይተከልበት አልቀረም። የእኩዮቹ አፍ «እማ»፣ «አባ» ብሎ ሲፈታ የሱ አፍ «ብርርርር» ብሎ ተፈታ። አባቱ «ልጄ ተናገረ!» ብለው ጎረቤት ጠሩ። አንደኛው ጎረቤት ጠጋ ብሎ ካዳመጠ በኋላ፣ «ይሄስ ተናገረ አይባልም፤ ተነሣ ነው የሚባለው» አለ።

ትምህርት ቤት ገብቶም አልተሻለው። መምህሩ ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ሲያዞሩ ከኋላ ወንበር የጭነት መኪና ዳገት መውጣት ይጀምራል። ምስኪኑ መምህር መስኮቱን ከፍተው፣ «አንተ ሾፌር! እዚህ እኮ ትምህርት ቤት ነው!» እያሉ ጭር ባለ መንገድ ላይ ሲጮኹ ዓመቱ አለቀ።

ካደገ በኋላ መኪና ፋብሪካ ገባና በር ገጣሚ ሆነ። በሩን ያነሣል፣ ማጠፊያው ላይ ያስቀምጣል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ከፈት ዘጋ አድርጎ ይሞክረዋል፣ በመጨረሻም ሞተር ገና ያልገባለትን መኪና በአፉ አስነሥቶ ወደሚቀጥለው ሠራተኛ ይሸኘዋል። ፎርማኑ መጀመሪያ ላይ፣ «አንተ ሰው፣ ራሴን አዞርከው እኮ!» ብሎ ሊያባርረው ምንም አልቀረው። በኋላ ግን ዶቅዶቄ ጥርሱን ታሞ በቀረ ቀን ሠራተኛው ሁሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ሲውል አየና አፉን ዘጋ።

ሚስቱን ያገኛትም በዚሁ አፉ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ጥቅል ጨርቅ በብብቷ ይዛ በእግረኛ መንገድ ስትሄድ ፍሬን የበጠሰ መኪና ከኋላዋ ሲመጣ ሰማችና ዘላ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ገባች። ቀና ስትል መኪና የለም። አንድ ቀጭን ሰውዬ ዳቦ ይዞ ቆሟል።

«መኪናው የታል?» አለችው ከቦዩ ውስጥ።

«እኔ ነኝ» አላት አንገቱን ደፍቶ።

ልትሰድበው ፈልጋ ሳቋ ቀደማት። እጁን ዘረጋላት፣ እጇን ሰጠችውና ጎትቶ አወጣት። «ያን ቀን የያዘውን እጅ ይኸው እስከ ዛሬ አለቅም አለ» ትላለች፣ ደስ ሲላት።

ከተጋቡ በኋላ እናቷም አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። አማቱ ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ የበር ደወልም የሬዲዮ ዜናም አይሰሙም፣ የአማቻቸውን ድምፅ ግን አጥርተው ይሰማሉ።

ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ የሚሠራው የቤንዚን መኪና ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰበሰቡና ባዶ ሣጥን ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከእንግዲህ ሁለት ዓይነት አዲስ ሞተር ይዘን ብቅ እንላለን። አንደኛው የናፍጣ ነው፤ ጉልበተኛ፣ ለታክሲም ለጭነትም የሚሆን። ሁለተኛው ሃይብሪድ ነው፤ ነዳጅና ኤሌክትሪክ ተጋግዘው የሚያንቀሳቅሱት።»

አንድ በያጅ እጁን አወጣ። «ሃይብሪድ በኛ ቋንቋ ምን ማለት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ወደ ሽያጭ ኃላፊዋ ዞሩ። ሴትዮዋ ምላሷ ፈጣን ነው፤ ሳታስበው፣ «ያው… ዲቃላ እንደማለት ነው» አለች።

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ሥራ አስኪያጁ እንደ ቲማቲም ቀልተው፣ «ዲቃላ የሚባል ቃል በዚህ ፋብሪካ ውስጥ እንዳልሰማ!» ብለው ደነገጉ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከሳቸው በቀር ሃይብሪድ ያለ ሰው የለም፤ ዲቃላ የሚለው ስምም ከግቢው አልፎ ከተማ ገባ።

ዶቅዶቄ ቤቱ ገብቶ ወሬውን ሲያወራ አማቱ ሽንኩርት መላጣቸውን አቆሙ።

«ምን ነው ያልከው? ዲቃላ?»

«አዎ እማማ።»

«አባቱ ማነው?»

«አባቱ ነዳጅ፣ እናቱ ኤሌክትሪክ።»

«ኤሌክትሪክ? ያቺ አንድ ቀን መጥታ ሁለት ቀን የምትጠፋው? እሷ ልጅ ልታሳድግ!» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

የማስተዋወቂያው ቀን ተቆረጠ። የታክሲ ባለንብረቶች፣ የጭነት ማኅበራት፣ ጋዜጠኞች ተጠሩ። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። የሁለቱ መኪኖች አካል ተወልውሎ እንደ መስታወት ያበራል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሞተሮቹ በሌላ መርከብ ተጭነው ወደብ ላይ ቀርተዋል።

ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ሽያጭ ኃላፊዋ ሻይዋን ይዛ በኮሪደሩ ስትሄድ ከኋላዋ ከባድ መኪና መጣባት። ግድግዳው ላይ ተለጠፈች፤ ሻዩ ከእጅጌዋ እስከ ጫማዋ ወረደ። ዶቅዶቄ ነው፣ በር ተሸክሞ።

«ይቅርታ እመቤት፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ክላክስ ላደርግ ነበር» አላት።

አልተቆጣችም። የጠፋ ቀለበቷን ያገኘች ይመስል አፍጥጣ አየችው።

«የናፍጣ ትችላለህ?»

«ሞተሩ የሞቀ ነው ወይስ አድሮ የቀዘቀዘ?»

ክንዱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አስገባችው። ዶቅዶቄ በሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ከንፈሩን አርጥቦ፣ አድሮ የቀዘቀዘውን አስነሣ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጸሐፊዋ ከውጭ፣ «ማነው በር ላይ ያቆመው? ያንሣ!» ስትል ተሰማች።

«ይሄ ማታለል አይሆንም?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«ማታለል ሳይሆን ማሳያ ነው። ሞተሩ ሲመጣ የሚያሰማውን ነው ቀድመን የምናሰማው» አለች ኃላፊዋ።

ሥራ አስኪያጁ ልባቸው አልተቀበለውም፤ ዓይናቸው ግን መስኮቱ ማዶ ድንኳኑን አየ። «እሺ፣ ሃይብሪዱስ?»

«እሱማ ቀላል ነው። በኤሌክትሪክ ሲነሣ ድምፅ የለውም። ነዳጁ ተራው ደርሶ እስኪነሣ ድረስ ኮፈኑ ሥር ገብቶ ዝም ማለት ነው።»

ዶቅዶቄ ፊቱ አመድ መሰለ። «ዝም? ጭራሽ?»

«ጭራሽ።»

«እሱን እንኳ አልችልም» አለ ከልቡ።

ቤቱ ሄዶ ግን ሞከረ። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከንፈሩን ገጥሞ ዝም አለ። ሚስቱ ስፌቷ ላይ ነበረች፤ በሱ ድምፅ ልክ መስፋት ለምዳ ኖሮ መርገጫዋ ተሳከረባትና እጅጌውን ከአንገትጌው ጋር ሰፋችው። አማቱ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ሰውዬው ምን ሆኗል?»

«እየተለማመደ ነው እማዬ።»

«ምኑን?»

«ዝምታ።»

«ወይ ጉድ! ዝምታ ደግሞ ልምምድ አለው? አሞታል በይኝ እንጂ!» ግንባሩን ዳሰሱት፣ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወጡ። ብዙም ሳይቆዩ ጎረቤቶች ፊታቸውን ከስክሰው ገቡና ሚስቱን፣ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» እያሉ ያጽናኗት ጀመር። ዶቅዶቄ መሃላቸው ተቀምጦ ጆሮው ቀላ፣ ጉንጩ ተነፋ፣ በመጨረሻም እንደ ፈነዳ ጎማ «ብርርርርር!» አለ።

«ተመስገን! ነፍሱ ተመለሰች!» ብለው አማቱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

መላውን ያገኘችው ሚስቱ ናት። «በቃ አፍህን ውኃ ሙላው። ውኃ የያዘ አፍ ምን ይላል?» አለችው። ሞከረ፤ ሠራ።

ቀኑ ደረሰ። ሁለቱ መኪኖች ፊት ለፊት ተፋጠው ቆመዋል፤ መካከላቸው እስከ መሬት የሚደርስ መጋረጃ ተጋርዷል። ዶቅዶቄ በናፍጣው መኪና ኮፈን ሥር፣ ሞተሩ መቀመጥ ባለበት ቦታ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተጣጥፏል። ውኃው በኮዳ አጠገቡ አለ።

ሽያጭ ኃላፊዋ ቁልፉን አዞረች። መጀመሪያ ሁለቴ አንገራገረ፣ ከዚያ ተነሣ። «ዶግ ዶግ ዶግ ዶግ…» እንግዳው ሁሉ ወንበሩን ወደፊት ሳበ። ከፊት የተቀመጡት የታክሲ ባለንብረቶች ሊቀመንበር፣ ጢማቸው ከፊታቸው ቀድሞ የሚደርስ ትልቅ ሰው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ነዳጅ ስጪው እስቲ!»

እግሯን ጫን አደረገች፤ ዶቅዶቄም ሰጠ።

«ይሄ ነው ሞተር! ክላክሱስ?»

ክላክሱ የሚሠራው በባትሪ ስለሆነ እውነተኛ ነበር። ተጫነችው። ዶቅዶቄ ግን ትእዛዝ ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል? እሱም ጮኸ።

«ሁለት ክላክስ አለው እንዴ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«አንደኛው… ለዳገት ነው» አለች፣ ላብ በላብ ሆና።

ጭብጨባው ድንኳኑን ሲያናውጠው ዶቅዶቄ ኮዳውን ይዞ በመጋረጃው ሥር ተሳበና ሁለተኛው መኪና ውስጥ ገባ። ውኃውን ጎንጨት አድርጎ ያዘ።

«ክቡራን እንግዶቻችን» አለች ኃላፊዋ ቁልፉን አዙራ፣ «አሁን ተነሥቷል።»

ጸጥ።

«ተነሥቷል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ተነሥቷል።»

ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና ጆሯቸውን ኮፈኑ ላይ ለጠፉ። ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው፣ «እኔን ከጠየቃችሁኝ ነፍስ ይማር» አሉ።

ዶቅዶቄ ይህንን ልክ ከአናቱ በላይ ሰማ። ሳቁ ከሆዱ ተነሣ። አፍንጫውን ያዘ፣ ጉልበቱን ነከሰ፣ ምንም አልረዳውም። ውኃው በመኪናው የፊት ቀዳዳዎች በኩል «ፉሽሽሽ!» ብሎ ወጣና የሊቀመንበሩ ሱሪ ላይ፣ ሰው ሱሪው እንዲረጥብበት በማይፈልገው ቦታ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የመስታወት ማጠቢያው ነው ጌታዬ!»

«መስታወቱ እኮ ያለው ላይ ነው! የኔ ሱሪ ታች ነው!»

ይሄን ጊዜ ከውስጥ ሳል ተሰማ። ትንታ የያዘው ሰው ሳል። ሊቀመንበሩ ማንንም ሳይጠይቁ ኮፈኑን ብድግ አደረጉት።

ዶቅዶቄ ተጣጥፎ፣ ከጢሙ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ቀና ብሎ አያቸው። ሥራ አስኪያጁ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ ዶቅዶቄ።

ሊቀመንበሩ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ወደ ኃላፊዋ ዞሩ። «ዲቃላ ዲቃላ ስትሉ የነበረው ይሄንን ነው?»

ያን ጊዜ የሆነው ሳቅ አይነገርም። ካሜራ የያዘው ጋዜጠኛ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ አንዱ የጭነት ማኅበር አባል የድንኳኑን ምሰሶ አቅፎ አለቀሰ። ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ነገር እዚህ ላይ አበቃ ብለው ወደፊት ወጡና እውነቱን ተናገሩ፤ ሞተሮቹ ወደብ ላይ ናቸው፣ ሲመጡ እንደገና እንጠራችኋለን፣ ይቅርታ አድርጉልን አሉ።

ሊቀመንበሩ እንባቸውን ጠረጉ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማይሠራ ሞተር ይሠራል ሲሉኝ ነው የኖርኩት። የሌለ ሞተር ሲሠራ ዛሬ ገና አየሁ። ዋናው ሲመጣ ጥሩኝ» አሉ። ከዚያ ሱሪያቸው እንደረጠበ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው፣ «እስቲ ያንን የናፍጣውን ድገመው» አሉ። ዶቅዶቄ ኮፈን ሥር መግባት ሳያስፈልገው ቆሞ ደገመው። እንግዶቹ ተሰለፉ፤ አንዱ የአባቱን አሮጌ አውቶቡስ፣ ሌላው የመጀመሪያ ታክሲውን እየጠየቀ አሠራው። አንድ ሽማግሌ ሾፌር የሸጡትን ገልባጭ ድምፅ ሰምተው፣ «እኔን!» ብለው ግንባሩን ሳሙት።

ሞተሮቹ መጡ። የናፍጣው መኪና ሳይውል ሳያድር ከተማውን ሞላው። ሃይብሪዱም ተወደደ፤ ግን አንድ ጣጣ አመጣ። ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፅ ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ከኋላው ይደርስበታል። ሲያወሩ የቆሙ ባልና ሚስት መሃል ገብቶ ይቆማል። የመንገድ ዳር ነጋዴዎች አቤት አሉ፣ የትራፊክ መሥሪያ ቤቱም፣ «ይህ መኪና ዝግ ብሎ ሲሄድ መምጣቱን የሚያሳውቅ ድምፅ ይግጠምለት» ሲል አዘዘ።

ሥራ አስኪያጁ ትእዛዙን አንብበው ሳይጨርሱ፣ «ዶቅዶቄን ጥሩልኝ» አሉ።

ድምፅ መቅረጫ ክፍል ወስደው ማይክሮፎን ፊት አቆሙት። ለስለስ ያለች፣ ሰው የማታስደነግጥ፣ «መጣሁ፣ እለፍ» የምትል የምትመስል ድምፅ አወጣ። በአንድ ጊዜ ተቀረጸ፤ በየመኪናው ተገጠመ። ማንም ልብ ያላለው ነገር ግን ነበር። ዶቅዶቄ ከመጀመሩ በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ «እህህ፣ እህ!» ያለው አብሮ ገብቷል።

ሰዎች መኪናቸውን እየነዱ ወደ ጋራዥ መጉረፍ ጀመሩ። «መኪናዬ ጉንፋን ይዞታል» አለች አንዲት የጥርስ ሐኪም። «የኔማ ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስበት» አለ ሌላው። መካኒኮቹ፣ «ጤነኛ ነው፤ ያሳለው ሰውዬው ነው» ብለው ቢያስረዱም ነገሩን የባሰ አወሳሰቡት።

ፋብሪካው ሳሉን አውጥቶ እንደገና ሊቀርጽ ተነሣ። ይሄን ጊዜ ደንበኞቹ እምቢ አሉ። ለምደውታል። ሲያስል ነው የነቃ የሚመስላቸው፤ ልጆቻቸው «ይማርህ» ሳይሉት መኪናው ውስጥ አይገቡም። እናም ሳሉ ቀረ። የዶቅዶቄ ሚስት ግን በየመንገዱ የባሏን ሳል እየሰማች ስጋት ገብቷት ሹራብ መሥራት ጀምራለች፤ አንገቱን ሳይሸፍን ከቤት መውጣት ተከልክሏል።