ዶሪ የሰማችው ዝምታ

ዶሪ ፓስካል ሰባ አራት ዓመቷ ነበር። ከፖስታ ቤት ሥራዋ የተረፋትን ጊዜ ሁሉ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በፔልሃም ባሕር ዳርቻ ያለ ደመወዝ ዋናተኞችን ከመስጠም ስትጠብቅ ኖራለች። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ግን የነፍስ አዳኞች ክለባችን ወንበር ሰጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጣት። ባሕሩን ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ነች፤ እያደር ግን ከእሷ የበለጥኩ መሰለኝ።

«አንተ ሞኝ፣ ማዕበሉን ትፈራለህ?» ትለኝ ነበር። «ማዕበል ከተሰበረ ከሥሩ አሸዋ አለ፣ ትቆማለህ። ያ ለጥ ያለው፣ ልጆች የሚወዱት፣ እሱ ነው የሚበላህ።»

ወደ ዳርቻው የተገፋ ውሃ ሁሉ መመለሻ ይፈልጋል። አሸዋውን ቦርቡሮ ቦይ ያወጣና በዚያ ወደ ጥልቁ ይነጉዳል። ላዩን ሲያዩት ግን የተኛ ኩሬ ነው። የእኛ ጎታች ውሃ ሁልጊዜ ከጥቁሩ ቋጥኝ ሥር ስለነበር ቀይና ቢጫ ባንዲራዎቻችንን ራቅ አድርገን ከደረጃው ፊት ለፊት እንተክላለን። ሰው የሚዋኘው በሁለቱ መካከል ብቻ ነው። ከባድ ወጀብ ግን ቦዩን ሊያዛውረው ይችላል።

በጥር ወር አንድ ሞቃት እሑድ ጠዋት፣ ከሁለት ቀን ወጀብ በኋላ፣ የዕለቱ ተረኛ አለቃ እኔ ነበርኩ። ባንዲራዎቹን ይዤ ስወርድ ዶሪ ከወንበሯ ተነሥታ፣ ራሷን ወደ ባሕሩ ዘንበል አድርጋ ቆማለች።

«ኔቪል፣ እዚህ እንዳትተክል።»

«ምነው አክስቴ?»

«ስማ እስቲ። ግራው ይጮኻል፣ ቀኙ ይጮኻል። መሐሉ ዝም ብሏል።»

አዳመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሰማሁት። ከደረጃው ፊት ለፊት የባሕሩ ድምፅ የተሸነቆረ ይመስል ነበር። ግን ከኋላዬ መንደሩ በሙሉ ፎጣውን ይዞ ይጠብቃል፤ የአሸዋው ኮረብታ ላይ ወጥቶ ውሃውን ማየት ደግሞ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ሁሉ ሰው ማስጠበቅ አሳፈረኝ።

«አክስቴ ዶሪ፣ ዓይንሽ አልበቃ ብሎ ጆሮሽም ደከመ እንዴ?» አልኳት። ሰው ሳቀ፤ እኔም ተከልኩ።

እሷ አልሳቀችም። ጫማዋን አውልቃ በባንዲራዎቼ መካከል ቀጥ ብላ ገባች። እስከ ወገቧ፣ ከዚያ እስከ አንገቷ፤ ከዚያ አንድም እጅ ሳታነሣ፣ በገመድ እንደሚጎተት ጀልባ ወደ ውጭ ሄደች። እንድናይ ብላ ነበር የገባችው። ለእኔ ግን የታየችኝ የምትሰጥም አሮጊት ብቻ ናት፤ ሰው የምናወጣበትን ረጅም ጣውላ አንሥቼ ተከተልኳት።

ከማዕበሉ ወዲያ በጀርባዋ ተንሳፋ አገኘኋት። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። በአንድ እጇ ጣውላውን ያዘች።

«ባንዲራዎቹን ነቀልክ?»

«መጀመሪያ አንቺን ላውጣ ብዬ...»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?»

ዞር አልኩ። ሦስት ልጃገረዶች ወደ እኛ እየመጡ ነበር። አይዋኙም፤ ውሃው ነው የሚያመጣቸው። ፊታቸው ወደ ዳርቻው ስለሆነ አላዩንም። አንዷ ለእናቷ እጇን እያወዛወዘች ትስቃለች፤ ምን ያህል እንደራቁ አላወቁም። ከእነሱ ወዲያ ሌሎችም ለጥ ወዳለው ውሃ፣ በባንዲራዎቼ መካከል፣ እየተሳሳቁ ይገቡ ነበር።

ዶሪ ጣውላውን ለቀቀች። «ሂድ እንጂ!»

ሄድኩ። ሦስቱን ልጆች ጣውላውን አስይዤ፣ ወደ ጎን፣ ማዕበሉ ወደሚሰበርበት ቀዝፌ አወጣኋቸው። ባንዲራዎቹን በገዛ እጄ ነቀልኩ። ስመለስ ውሃው ላይ ማንም አልነበረም። እስኪመሽ ፈለግናት፤ በማግስቱም ፈለግናት።

ክለባችን በባንዲራዎቹ መካከል ሰው ሞቶበት አያውቅም። ይህን በራችን ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፈነዋል። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ፣ ዶሪ ፓስካል ዓይኗ ደክሞ ስለነበር ከባንዲራዎቹ ውጭ ገብታ ጠፋች ተባለ። ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ።