«ቀና በሉ» የተባለው ፎቶ ቤት

ያን ቀን ከትሪው ውስጥ ወረቀቷን ያነሳት እጄ ነው ወይስ ዓይኔ? ይህን ለራሴ መጠየቅ ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም። ሰው የገዛ እጁን እንዴት አያውቅም ትሉ ይሆናል። እኔ የሰው ጽሑፍ በማረም የምተዳደር፣ አንዲት ነጥብ ያለቦታዋ ብትወድቅ ምሳ የማይበላልኝ ሴት ነኝ። ይህችን አንዲት ነገር ግን ማረም አቅቶኝ ኖሬያለሁ።

ልጅ እያለሁ ካዛንቺስ፣ አክስቴ ቤት ነበር የምኖረው። የአክስቴ መንታ ልጆች ያደጉት አንዱ ጀርባዬ ላይ፣ አንዱ ጉልበቴ ላይ ሆነው ነው። «ለከርሞ ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ» እባላለሁ። ከርሞ ይመጣል፤ መንቶቹ ጥርስ ያወጣሉ፣ ወይ ኩፍኝ ይይዛቸዋል፣ ወይ አክስቴ ሥራ ትቀይራለች፤ ከርሞም ወደሚቀጥለው ከርሞ ይገፋል። ክፉ ሰው አልነበረችም። ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ፣ ከእኔ ሌላ ሰው የሌላት ሴት ነበረች። እንዲህ እንዲህ እያልን ደብተር ሳልይዝ አሥር ዓመት ሞላኝ።

ደብተር ባይኖረኝም ግድግዳ ነበረኝ። የቤታችን ግድግዳ ጭቃው እንዳይታይ ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ተለጥፎበታል። የግቢው ልጆች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጮክ ብለው ሲያጠኑ ድምፁን በጆሮዬ እይዝና ገብቼ ቅርጹን ግድግዳው ላይ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ቃሉ፣ በኋላም ዓረፍተ ነገሩ እየተፈታ መጣ። ጋዜጣውን የለጠፈው ሰው ግድ አልነበረውም መሰለኝ፣ ግማሹን ዘቅዝቆ ነው የለጠፈው። ስለዚህ እኔ ማንበብ የተማርኩት ወደላይም ወደታችም ነው። ለማንም አልነገርኩም። የጠየቀኝ አልነበረም፤ ደግሞም ከግድግዳ የተለቀመ ንባብ የእኔ አይመስለኝም ነበር፣ ሳያስፈቅዱ የወሰዱት ነገር ይመስላል።

በዚያ ክረምት ከግቢያችን መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ጋሼ ፈለቀ ተከራዩዋት። ለብዙ ዓመት በሰው ፎቶ ቤት ሲሠሩ ኖረው የራሳቸውን ሊከፍቱ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። ወደ ክፍሏ የሚገባውን ዕቃ ሁሉ ከነመንቶቼ በር ላይ ቆሜ ተቀበልኩ፤ ሐይቅና ሁለት ነጫጭ ወፎች የተሳሉበት መጋረጃ፣ በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ፣ ኮት ለሌለው ደንበኛ የሚዋስ አንድ ጥቁር ኮት፣ አንድ ቀይ ከረባት። ከጨለማ ክፍሉ የሚወጣው የፎቶ መድኃኒት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። አክስቴ አፍንጫዋን ይዛ ታልፋለች፤ እኔ ይበልጥ እጠጋለሁ።

ጋሼ ፈለቀ ካሜራቸውን ለመሞከር የግቢውን ሰው እያስቀመጡ «ቀና በሉ! ቀና! እንደሱ! አሁን አንዴ!» ሲሉ ይውላሉ። እኔን ሲያገኙኝ ደግሞ «ቀና በይ እንጂ ስንዱ፣ መሬት ላይ የጠፋብሽ ነገር አለ?» ይሉኛል። ቤት ውስጥ የምሰማው «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ያዢው» ነበር። ቀና በይ ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

መስከረም እየመጣ ነው። ትምህርት ቤቶች ምዝገባ ሊጀምሩ ነው፤ ለምዝገባ ሁለት ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋል። ጋሼ ፈለቀ ከዚያ በፊት ካልከፈቱ ዓመቱ አመለጣቸው ማለት ነው። ሁሉ ተሟልቶ የጎደለው ስም ብቻ ነበር። ሰማያዊ የተቀባው የቆርቆሮ ሰሌዳ ባዶውን ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ሳምንት ቆመ።

«ፎቶ ዘመን» ይላሉ ጋሼ ፈለቀ። «አጭር ነው፣ ዘመናዊ ነው።»

«ዘመንማ ያልፋል» ይላሉ እትዬ ዘውዴ ሆዳቸውን እየዳበሱ። «ፎቶ በረከት በለው። ይኸው በረከቱም እየመጣ ነው።»

«ወንድ ይሁን ሴት ላልታወቀ ልጅ ስም አወጣሽለት?»

«አንተስ ላልተከፈተ ቤት እያወጣህ አይደል?»

አክስቴም ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም ትላለች። «እኔን ከሰማችሁኝ ፎቶ ካዛንቺስ በሉት። መንገድ የጠፋበት ሰው እንኳ ስሙ ይመራዋል።»

«ካዛንቺስ ውስጥ ቆሞ ካዛንቺስ የት ነው የሚል ማን አለ?» ይሏታል ሁለቱም በአንድ አፍ። የሚስማሙት በዚህ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሰሌዳውን የሚጽፈው ሰዓሊ ለሦስተኛ ጊዜ ብሩሹንና መሰላሉን ይዞ መጣና አሁንም ሲከራከሩ አገኛቸው። «እኔ ብሆን ፎቶ ጨረቃ ብዬ እገላገል ነበር፤ ጨረቃ መሳል ደግሞ አያቅተኝም» አለ። «በቃ፣ ዛሬ ካልጻፍኩ ሌላ ሰው ፈልጉ። ካልተስማማችሁ ዕጣ ጣሉ!»

ዕጣ የሚለው ቃል ሁሉንም አነቃቸው። ጋሼ ፈለቀ ከተረፈ የፎቶ ወረቀት አራት ቁራጭ ቆረጡ፤ ዘመን፣ በረከት፣ ካዛንቺስ፣ ጨረቃ ብለው ጻፉ። ከዚያ ምን እንዳሳሰባቸው እንጃ፣ ቀና ሲሉ እኔን በሩ ላይ አዩኝ። «አንቺስ ስንዱ? ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትሰሚን ነው የከረምሽው። ምን እንበለው?»

ሰው ፊት አልናገርም ነበር። ያን ቀን ግን አፌ ቀደመኝ፤ «ቀና በሉ» አልኩ።

መጀመሪያ እሳቸውን ያዘዝኩ መስሏቸው ተደናገጡ። ስሙ መሆኑ ሲገባቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰዓሊው መሰላሉን ይዞ ሳቀ፣ አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ፎቶ ቤት ነው ወይስ ወታደር ቤት?» አሉ እትዬ ዘውዴ። ጋሼ ፈለቀ እንባቸውን እየጠረጉ «የለም፣ የተናገረ ይጻፍለታል» ብለው አምስተኛ ቁራጭ ቆረጡ። የኔ ቃል በሰው እጅ ሲጻፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ያ ስም እንዲወጣ ፈለግሁ። ያን ያህል የፈለግሁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ትምህርት ቤት።

«ማን ያውጣ?» ተባለ። ዕጣ የሚያወጣ ሰው ፊደል ያልቆጠረ ቢሆን ነው የሚመረጠው፣ አድልዎ እንዳይኖር። «ስንዱ ታውጣ» አሉ ጋሼ ፈለቀ።

«የራሷ አለበት እኮ!» አለ ሰዓሊው።

«ይህቺ? ሀ እንኳን አታውቅም፤ ምኑን ከምን ትለየዋለች?» አለች አክስቴ። ለተንኮል አልነበረም፣ የምታውቀውን ተናገረች። ማንበብ እችላለሁ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ብል ትሪው ከፊቴ ይነሳል፣ ያልኩት ስምም አብሮ። መንቶቹን ለአክስቴ ሰጥቼ ወደፊት ሄድኩ።

ወረቀቶቹን አጥፈው ያስቀመጡት ፎቶ የሚያጥቡበት ነጭ ትሪ ላይ ነው። የፎቶ ወረቀት ታጥፎ እንደማይቀመጥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወፍራም ነው፣ ሲለቁት አፉን ይከፍታል። ጋሼ ፈለቀ ይህን ከሁላችንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ግን ሀ የማታውቅ ልጅ ፊት ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል? አንገቴን እንደልማዴ ደፍቼ ቀረብኩ። ከአምስቱ አንዷ ወደ እኔ አቅጣጫ ተዘቅዝቃ ከፈት ብላለች። የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ብልጭ አለችልኝ፤ ሉ። የዘቀዘቀ ጋዜጣ ላይ ላደገ ሰው ያ ይበቃል።

ያኔውኑ እትዬ ዘውዴ «ቆይ፣ ይቀላቀል» ብለው ትሪውን ወዘወዙት። ጋሼ ፈለቀ ደግሞ «ቀና በይ ስንዱ! ወደ ላይ እያየሽ!» አሉኝ። ቀና አልኩ። መጋረጃው ላይ ያሉትን ሁለት ነጫጭ ወፎች እያየሁ እጄን ሰደድኩ። ጣቴ አንዷን ነካ፣ ተዋት፣ አጠገቧ ያለችውን አነሳ። ለምን ተዋት? ሠላሳ ዓመት የፈተነኝ እዚህ ላይ ነው።

«ቀና በሉ!» ብለው አነበቡ ጋሼ ፈለቀ። ቀጥሎ የሆነውን ጩኸትና ሳቅ ካዛንቺስ በሙሉ የሰማ ይመስለኛል። ሰዓሊው «አራት ፊደል! ተገላገልኩ!» ብሎ ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነከረ። እትዬ ዘውዴ አኮረፉ፤ ግን ዕጣ ዕጣ ነው፣ ምን ይባላል? ሲመሽ ሰሌዳው ተሰቀለ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ ሲያነበው ቀና ይላል፣ ይስቃል። እኔ መንቶቹን ይዤ ማዶ ቆሜ፣ ማንበብ እንደማይችል ሰው ሰማያዊውን ቆርቆሮ ብቻ እያየሁ፣ በውስጤ መቶ ጊዜ አነበብኩት።

በማግስቱ ጋሼ ፈለቀ «የመጀመሪያዋ ደንበኛ ስም ያወጣችው ናት» ብለው ጉርድ ፎቶ አነሱኝ። ሁለት አጥበው ለአክስቴ ሰጧት። «ሌላው ሁሉ በዚህ ልጁን ያስመዘግባል። አንቺስ?» አሏት። እትዬ ዘውዴ ከነኩርፊያቸው «እኔም ቤት ነው የምውለው፤ መንቶቹ ግማሽ ቀን እኔ ጋ ይዋሉ» አሉ። በዚያ መስከረም፣ ቂርቆስ በኩል ባለ ትምህርት ቤት፣ ከስድስት ዓመት ሕፃናት መሀል አንድ ራስ በልጬ አንደኛ ክፍል ተቀመጥኩ።

አሁን የሞኝነቴን ጥግ ልንገራችሁ። ማንበብ እንደምችል ከታወቀ ዕጣው ይታወቃል ብዬ ፈራሁ። ሰሌዳው ወርዶ ፎቶዬም እንደሚነጠቅ፣ እኔም ከክፍል እንደምወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ከሕፃናቱ ጋር ሀ ሁ ሂ እላለሁ። ሆን ብዬ እሳሳታለሁ፤ ስሕተቴም እንዳይበዛ እንዳያንስ እለካዋለሁ። ዓመት ሙሉ እንዲህ ተማርኩ። መምህሯ «ቀስ ብሎ ይገባታል» ትል ነበር። ቤት ስገባ ለመንቶቹ ከግድግዳው ላይ አነብላቸዋለሁ፤ እነሱ ምስጢር ጠባቂ ናቸው፣ የሕፃን ወሬ የሚያምን የለም።

ስሙ ሰፈሩን ያዘው። ታክሲ ውስጥ «ቀና በሉ ጋ ወራጅ አለ» ይባል ጀመር። ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ፓስፖርት ፈላጊው ሁሉ እዚያ ቀና ብሏል። እትዬ ዘውዴ የተነጠቁትን ስም ለልጃቸው ሰጧት፤ በረከት። ጋሼ ፈለቀ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗል። ካዛንቺስም እንደምታውቁት ፈረሰ፤ አሁን በሰፊው መንገድ ሳልፍ ግቢያችን የነበረበትን ቦታ በእርምጃ ቆጥሬ እንኳን አላገኘውም። በረከት ካሜራዋንና ያን ሰሌዳ ይዛ መስቀል ፍላወር አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየች።

ባለፈው ደወለችልኝ። «ስንድዬ፣ የፎቶ ቤቱን ስም ልቀይር ነው። ማለቴ፣ አሁን ሰው የሚያገኘኝ በስልኩ ነው፣ ስታይል ያለው ስም ያስፈልገኛል። አራት መርጫለሁ፣ እማዬ ደግሞ አትስማማም። ዕጣ ይጣል ተባብለናል። አባዬ ሁሌ ያወራ ነበር፣ አንቺ ነሽ የምታወጪው!»

ሄድኩ። እትዬ ዘውዴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ከፊታቸው ያ ነጭ ትሪ አለ፣ ጠርዙ ተላልጦ። አራት ወረቀቶች በሥርዓት ታጥፈው ተቀምጠውበታል። ያሁን ወረቀት አፉን አይከፍትም። እጄን ዘረጋሁና መለስኩ።

«እኔ አላወጣም» አልኩ። «ያኔም ማውጣት አልነበረብኝም። እትዬ፣ ማንበብ እችል ነበር።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ግድግዳውን፣ ሉን፣ ጣቴ የተዋትን ወረቀት፣ አንደኛ ክፍልን። በረከት አፏን ይዛ ቀረች። እትዬ ዘውዴ የትሪውን ጠርዝ በጣታቸው ዳበሱ። የተቀሙት ስም እየታያቸው ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ማንበብ እየቻልሽ ዓመት ሙሉ ከሕፃን ጋር ሀ ሁ ስትይ ከረምሽ? ለቆርቆሮ ብለሽ? ብትነግሪን ኖሮ እኔው ራሴ እጅሽን ይዤ ሦስተኛ ክፍል አስገባሽ ነበር! ፈለቀ ይህን ሳይሰማ መሞቱ!» የተቆጡት ስለ ስሙ አልነበረም። ስለባከነብኝ ዓመት ነበር። እኔ ራሴ እንኳ ለዚያች ዓመት ተቆጥቼላት አላውቅም።

ከዚያ ትሪውን በመዳፋቸው ወደ እኔ ገፉት። «በይ አሁን እያየሽ አውጪ።»

አራቱንም ፈታኋቸው፣ ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። እትዬ ዘውዴ ለእያንዳንዱ አይሆንም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ቦርሳዬን ከፍቼ እስክሪብቶ አወጣሁ፤ አንዱን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው ጻፍኩና ለበረከት ሰጠኋት።

«እንዴ፣ ይሄማ አሮጌው ነው!» አለች።

«አሮጌ ትይዋለሽ እንዴ» አሉ እትዬ ዘውዴ እየሳቁ፣ «ካንቺ እኮ የሚበልጠው በሦስት ወር ነው።»