ተከላካያችንን ለዳባት የሰጠሁበት ዓመት

የደባርቅ የገና ቡድን መሪ የሆንኩት ጨዋታውን ስለማውቅ አይደለም። ስብሰባ አርፍጄ ስለገባሁ ነው። የዞኑ የባህል ስፖርት ውድድር ሊደርስ ሲል ኮሚቴው መሪ ይፈልግ ነበር፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሳለ እኔ በሩን ከፍቼ ገባሁ። "መምህሩ ይሁን" አሉና አጨበጨቡ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በልጅነቴ ገና ስጫወት ሩሯን፣ ማለትም ከእንጨት የተጠረበችውን ኳስ፣ ከመታሁበት ቀን የራሴን ቅልጥም የመታሁበት ይበልጣል።

በቡድኑ ውስጥ አንድ ተከላካይ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ አርባ አምስት የሚጠጋ፣ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ ገብስ የሚያርሱ ገበሬ። ከወይራ ራሳቸው ያጎበጡትን ዱላ ተሸክመው ለልምምድ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ይመጣሉ። ሜዳ ላይ ግን አይሮጡም። ሩሯ ከምትደርስበት ቦታ ቀድመው ቆመው ይጠብቋታል። እኔ ይህንን ስንፍና መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቀው ጠሩኝ። ባለቤታቸው የዳባት ሰው ናቸው፤ የባለቤታቸው ወንድም ደግሞ በዳባት ቡድን ይጫወታል። ዳባቶች ወደ እኛ ና፣ ማረፊያም ጫማም አለህ ብለዋቸዋል።

"እምቢ አልኋቸው" አሉኝ። "ከዚህ ቡድን ጋር ነው የጀመርሁ። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት ብዬ ነው።"

እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ቡድኑ ይህን ውለታዎን መቼም አይረሳውም አልኳቸው። ድምፄ ለራሴም ደስ አለኝ። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የረቡዑ ልምምድ ሥራ ያስፈታቸዋልና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢሆን። እመዘግበዋለሁ አልኩ፤ መዘገብኩትም። እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ነው በስልኬ የፈረንጆቹን ሆኪ ያየሁት። በበረዶ ላይ በቆልማማ ዱላ የሚጫወቱት ነገር ነው። አሠልጣኙ ሙሉ ልብስ ለብሶ ከተጫዋቾቹ ጀርባ ይቆማል፤ በየደቂቃው አምስቱን አስወጥቶ አምስት ትኩስ ሰዎች ያስገባል። "ይሄ እኮ በረዶው ሲቀር የኛው ገና ነው" አልኩ። ፊሽካ ገዛሁ። የሠርጌን ኮት ከሳጥን አወጣሁ። በካርቶን ላይም ባለ ቀስት ሥዕል ሠራሁ። ቀስቶቹ ሁሉ ይሮጣሉ፤ ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ቦታ አልነበረም።

ከቡድኑ እንደቀነስኳቸው ለሰውዬው በቃሌ እንኳ አልነገርኳቸውም። ስም ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ከላይ ወደ ታች አነበቡት፤ ደግሞ ከታች ወደ ላይ።

"ስሜ የለም" አሉ።

ዘንድሮ ወጣቶቹን እንሞክር ብለን ነው አልኳቸው። "ብለን" ማለቴ ነው የሚያሳፍረኝ፤ ማንንም አላማከርኩም ነበር። እንግዲህ መምህር ያዩት ነገር ይኖራል ብለው ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ግጥሚያው ዳባት ላይ ነበር። ጨዋታው እንደ ተጀመረ ኮቴን ቆልፌ ፊሽካዬን ነፋሁ። አምስቱ አጥቂዎች ወጡ፤ ተተኪዎቹ አምስት ማን በማን ቦታ እንደሚገባ ጠርዝ ላይ ቆመው ይከራከሩ ጀመር፤ ሁለቱ ተከላካዮችም እነሱ የተጠሩ መስሏቸው ተከትለው ወጡ። አንድ የዳባት ልጅ ሩሯን እየተራመደ ወስዶ አገባት። ለሁለተኛ ጊዜ ስነፋ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ መጣና ከሁለታችን ዳኛው ማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀኝ። ሕዝቡ ሳቀ። አጠገቤ የቆሙ ቄስ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። እረፍት ስንወጣ ሦስት ለባዶ እየተመራን ነበር።

የጣልኳቸው ተከላካይ አማቶቻቸውን ሊጠይቁ መጥተው ኖሮ ከዳባት ተመልካቾች መሐል ተቀምጠዋል። ዙሪያቸው ሲሳቅ እሳቸው አይስቁም። ሄጄ ይግቡልን አልኳቸው። የዳባት ቡድን መሪ ሰምቶ ስማቸው ባይመዘገብም እኛ አንቃወምም አለ። ጋቢያቸውን አጥፈው አስቀመጡና ዱላ ተውሰው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ ጎል አልገባብንም። እሳቸው በዱላቸው ጫፍ ለወጣቶቹ መቆሚያቸውን ያሳያሉ፤ ወጣቶቹም እኔን ማየት ተዉ። ፊሽካዬን ኪሴ ከተትኩ። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። በሪፖርቴ ላይ "በሁለተኛው አጋማሽ የተደረገው የታክቲክ ለውጥ ውጤት አሳይቷል" ብዬ ጻፍኩ።

በዓመቱ ልምምድ ሳይጀመር ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው መልቀቂያ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ለዳባት ሊጫወቱ ነው። ስለ ጫማው ነው ወይ አልኳቸው።

"ጫማስ አለኝ" አሉ። "የዳባቱ መሪ የት መቆም እንደምወድ ጠየቀኝ። ልምምዱንም እሑድ አደረገው። እዚህ ስድስት ዓመት ስጫወት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፣ መምህር።"

ስለ ታማኝነት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። የትኛችን ታማኝ እንደነበርን ትዝ ሲለኝ መልሼ ዘጋሁትና ወረቀት አወጣሁ። ስማቸውን ጻፍኩ። የአባታቸው ስም ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤ አላውቀውም ነበር። ቀስ ብለው፣ እንደ ተማሪ፣ ፊደል በፊደል ነገሩኝ። አንብበው አጠፉት፤ በርቱ ብለውኝም ሄዱ።

በሳምንቱ ከመሪነት እንድነሳ ለኮሚቴው አመለከትኩ። ትንሽ ይለምኑኛል ብዬ ነበር። ያ ኮሚቴ በአንድ ድምፅ ሲወስን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።