ካርታው ላይ ያረፈችው ጫማ

በስብሰባ ቀን አባባ ሁልጊዜ ከአዳራሹ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣሉ። እጃቸውን የዓሣ መረብ አሻክሮታል፤ የሚሰፏት ግን አውራ ጣቴን የምታክል የሕፃን ጫማ ናት፣ በጭስ ከለፋ የአጋዘን ቆዳ። መርፌውን የሚገፉበት የብረት ቆብ የሴት ጣት ልክ ስለሆነ ከትንሿ ጣታቸው ጫፍ አያልፍም። የማን እንደነበረ አንጠይቃቸውም።

በበረዷማው ሰሜን ባለው መንደራችን ሐኪም ስለሌለ፣ የምትወልድ ሴት በአውሮፕላን ወደ ደቡብ ከተማ ትወሰዳለች። ልጇን ታቅፋ ስትመለስ እኚህ ሰው በረዶው ላይ ቆመው ይጠብቋታል። ጫማ ሳያጠልቁለት መሬታችንን የሚነካ ሕፃን የለም።

"አባባ፣ ለእኔም ይስፉልኝ እንጂ!" አላቸው በአንዱ የስብሰባ ቀን አንድ ቀልደኛ።

"እንደገና ተወለድና ና።"

ያን ቀን የወርቅ ኩባንያ ሰው መጥቶ ሐይቃችን ዳር እንቆፍር አለ። ግማሹ "ሥራ እናገኛለን" ሲል ግማሹ "ውሃችንስ?" እያለ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። አለቃችን ቨርና ወደ ምድጃው ዞረች።

"አባባ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። ቀስ ብለው ተነሡና ጫማዋን ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የኩባንያው ካርታ፣ ልክ ሐይቁ ላይ፣ አስቀመጧት።

"የጫማዋ ባለቤት ሐሙስ ትመጣለች" አሉ። "ሲጠማት ምን እንደምትጠጣ እናንተው ንገሯት።"

ተመልሰው ተቀመጡ። የኩባንያው ሰው ካርታውን ሊያጥፍ እጁን ዘረጋ፤ ጫማዋን የሚያነሳለት ግን ከመሃላችን አልተገኘም፤ እሱም አልደፈረም።

ካርታውን ትቶ ሄደ።