ጨለማውን አስቀድመው ይስሉ የነበሩት ኦቦ ገመቹ

የሥዕል መምህራችን ኦቦ ገመቹ ባለፈው ሳምንት ቡራዩ በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ይህን ለምታውቋቸው ሁሉ የምጽፈው ከተማሪዎቻቸው አንዷ ነኝ።

ጡረታ እንደወጡ የግቢያቸውን ሰርቪስ ቤት ባዶ አድርገው፣ ስለ አንድ ግዙፍ ሮቦት ተከታታይ የካርቱን ፊልም እንድንሠራ ሰበሰቡን። ሮቦቱ ማን እንደሠራውና ለምን እንደተሠራ ረስቷል፤ ጭጋግ በዋጣት ከተማ ውስጥ እየዞረ ማንነቱን ይፈልጋል። ጭጋጉን የወሰዱት ከሱሉልታ ማለዳ ነው። በከሰል ሲስሉ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከጥላው ነበር። «ጨለማውን አስቀድሙ፤ ብርሃኑ ወረቀቱ ላይ አለ» ይሉን ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ። ምንም ሳይጠይቁኝ ወንበር አምጥተው በሩ አጠገብ አኖሩልኝ። «ከዚህም ሆኖ ይሳላል» አሉኝ። ወንበሩ ወደ ውስጥ የገባው ቀስ በቀስ ነው።

ሥራችን መጨረሻው ክፍል ላይ ሲደርስ የመርሳት ሕመም ያዛቸው። የቀረን አንድ ትዕይንት ነበር፤ ሮቦቱን ከተማዋ ውስጥ ሲከታተል የቆየው መርማሪ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ገና አልነገሩንም። ፊልሙ ያለ መጨረሻ ሊቀር ነው ብለን ፈራን።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥዕሎቹን በኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ጓደኛችን ደረጀ የተሠራውን ከፈተላቸው። አይተው አይተው፣ «ከነ ኤኙቱ ሆጄቴ? ማነው ይኼን የሠራው?» አሉ።

«አንቱ ነዎት እኮ፣ ኦቦ! ለጥላው ስንት ጊዜ አስደግመውናል!» አለ ደረጀ።

«እኔ?» ብለው ሳቁ። «እንግዲያው ጎበዝ ነበርኩ በለኛ!»

ከሰልና ወረቀት አቀረብኩላቸው። «ሮቦቱ ማነህ ሲባል ምን ይላል?» ብዬም ጠየቅኋቸው። ከሰሉን አነሡ። እጃቸው ሳያመነታ ከጨለማው ጀመረ። ወረቀቱ ሲጠቁር መሃሉ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረው የሮቦቱ የተዘረጋ መዳፍ ነበር። ሮቦታችን አይናገርም፤ እጁን ያሳያል። ፊልሙ የሚያልቀው በዚህ ነው።

ሰበታ አዳራሽ ውስጥ ስናሳየው ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እሳቸውም ከፊት ወንበር ተነሥተው፣ ማን እንደሆነ ለማያስታውሱት ለዚያ ሠዓሊ አጨበጨቡለት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ኦቦ ገመቹ፣ መምህሬ፣ ነጋቲ፤ በሰላም ይሂዱ። እኛ ወንበሩን በሩ አጠገብ አኑረነዋል። በሚደርሱበት ቦታ ማን እንደሆኑ ቢጠየቁና ቢጠፋብዎት አይጨነቁ፤ ከሰል ያጠቆረውን እጅዎን ያሳዩ።