በሮብሌ ስም የተቀመጠው ድምፅ

ሮብሌ ጌዲ ባልባላ ሰፈር ባለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ ሲያስተምር አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም። ሰዋስው ከእሱ ወዲያ ላሳር ነው። ወደብ ላይ የመርከብ ወረቀት የሚያነቡ፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚቀበሉ ስንትና ስንት ልጆች ከእጁ ወጥተዋል። ይህን እያሰበ ጡረታውን በሰላም የሚጠብቅ ሰው ነበር።

በጥቅምት ወር ሃያ አራት ኮምፒውተሮች ከነማዳመጫቸው መጡ። ለእነሱ ሲባል አንድ ክፍል ተቀባ፤ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የመጀመሪያው አየር ማቀዝቀዣም እዚያ ተገጠመ። ፕሮግራሙ አንድ ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ተማሪው ተከትሎ ይላል፤ ማሽኑም አዳምጦ ከመቶ ስንት እንዳገኘ ይነግረዋል። የተሳሳተውን ፊደል በቀይ ያሳየዋል። ችግሩ፣ ከተማሪዎቹ በፊት የአገሩ የእንግሊዝኛ መምህራን ሁሉ ይፈተኑ ተባለ። ሰማንያ ያላገኘ መምህር ማስተማሩን ትቶ መዝገብ ቤት ይግባ የሚል ደብዳቤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ለልምምድ አንድ ወር ተሰጠ።

ሮብሌ በመጀመሪያው ቀን ስልሳ አንድ አገኘ። ማሽኑ የተበላሸ መሰለውና ወንበር ቀየረ። አሁንም ስልሳ አንድ። በልጅነቱ አፉን በሶማልኛ የፈታ ሰው ስለሆነ «ፐ» ለማለት ሲነሳ ከንፈሩ ወደ «በ» ያዘነብልበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ማንም አልነገረውም። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ስልሳ አምስት ላይ ቆሞ ነበር።

ፈተናውን የይለፍ ቃል ያለው ሁሉ ከየትም ኮምፒውተር ላይ ሊፈተን ይችላል። አርብ ከምሳ በኋላ፣ የሩዙና የሥጋው ትሪ ከተነሳ በኋላ፣ ሮብሌ ልጁን ፊልሳንን ኮምፒውተሯን አስከፈታት። ፊልሳን ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። እንግሊዝኛዋን ያጠራችው ከአባቷ ይልቅ ከስልኳ ነው።

«አባዬ፣ ከንፈርህን ግጠመውና አፈንዳው። ሻማ እንደምታጠፋ።»

«ሻማ ማጥፋት ታስተምሪኛለሽ ደግሞ?»

«ሻማማ ታጠፋለህ፤ ያቃተህ ፊደሉ ነው።»

ሳቁ። አምስት ጊዜ ሞከረ። አምስቱንም ጊዜ ስክሪኑ ቀላ። ከዚያ ሳቁ ጠፋበትና ማዳመጫውን አውልቆ ሰጣት።

«እስቲ አንቺ በይው። ልስማሽ።»

ፊልሳን አሥራ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እንደ ውኃ አፈሰሰቻቸው። ዘጠና ሦስት ወጣ። ከሥር «ላክ» የሚል ቁልፍ ነበር። ማንም እጁን አልያዘውም፤ ራሱ ተጫነው።

«ለልምምድ ነው ብለኸኝ አልነበር?» አለች ፊልሳን።

«አሁን ዝም በይ።»

በሳምንቱ ውጤቱ ሲለጠፍ ከከተማው መምህራን ሁሉ የሮብሌ በለጠ። ርዕሰ መምህርቷ ማዳም ሐስና በሰልፍ ላይ ስሙን ጠርታ አስጨበጨበችለት። ክፍሉን በኃላፊነት እንዲይዝ ቁልፉንም ሰጠችው። እሱም ተቀበለ። ሌላ ምን ይበል?

የኮምፒውተሩ ባለሙያ ዋበሪ የሚባል ጨዋታ ወዳድ ሰው ነው። ክፍሉን ሲያስረክበው፣ «ይኸውልህ መምህር፣ እያንዳንዱ የተፈተነ ሰው ድምፅ በስሙ እዚህ ተቀምጧል። የፈለግከውን ከፍተህ ማዳመጥ ነው» አለው።

«ማጥፋትስ ይቻላል?»

«እኛ አንችልም። የሚያጠፉት እነሱ ናቸው፣ ከላይ። ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮብሌ የክፍሉ ዘበኛ ሆነ። ስሙ ላይ ተጭኖ የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ድምፅ የሚሰማ ሰው እንዳይኖር፣ ከጥዋት እስከ ማታ ከበሩ አይለይም። በሙቀቱ የተቃጠሉ መምህራን በእረፍት ሰዓት ቅዝቃዜ ፍለጋ ሲመጡ «ማሽኑ አቧራ አይወድም» እያለ ይመልሳቸዋል። «ሮብሌ ፈረንጅ ሆነ፤ ብርድ ካልነካው አይተነፍስም» ይሉታል። ከሰዓት በኋላ ጫት ይዘው የሚቀመጡ ጓደኞቹ ጋ መሄዱን ተወ። ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ወሬ ሲደራ፣ ምርቃና ምን እንደሚያናግረው ያውቃል። ዋበሪ ማሽን ሊያጸዳ በመጣ ቁጥር ጀርባው ላይ ቆሞ ጣቱን ይቆጥራል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ መናገር አቆመ። ዘጠና ሦስት ያገኘ ሰው አንደበት ይህ ነው ወይ እንዳይሉት ፈራ። ማሽኑ ያነባል፣ ልጆቹ ይከተላሉ፣ እሱ በእጁ ምልክት ይሰጣል። አንድ ቀን ኢፍራ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ አምና ታሪኩን እርስዎ ነበሩ የሚያነቡልን። አሁን ለምን ተዉት?»

«ማሽኑ ከእኔ ይሻላል።»

«ማሽኑ እኮ ታሪኩ ሲያዝን አያዝንም» አለችው። ሮብሌ ሄዶ መስኮቱን ዘጋ።

በየካቲት ከየአውራጃው አርባ መምህራን ለሥልጠና ወደ ትምህርት ቤቱ እንዲመጡ ተወሰነ። ማዳም ሐስና ቢሮዋ ጠራችው።

«መምህር ሮብሌ፣ መክፈቻ ላይ የእርስዎን ድምፅ እናሰማቸዋለን። በእድሜዎ ያለ ሰው እንዲህ መናገር ከቻለ ለእነሱም ብርታት ነው።»

ሮብሌ ቆሞ ነበር፤ ተቀመጠ። ከዚያም ሁሉንም ነገራት። ስትሰማው ፊቷ ጠቆረ እንጂ አልጮኸችም።

«ለማን ነግረዋል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አይንገሩ። የውጤቱ ሪፖርት ላይ እኔ ነኝ የፈረምኩት። በእርስዎ ምክንያት ነው ሥልጠናው እዚህ የመጣው። ድምፅ ማጉያው ተበላሽቷል እንላለን፤ ያልፋል።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ ሥራዎን ይሠራሉ።»

ሲወጣ ቀለል ሊለው ይገባ ነበር። ይልቅ ደረቱ ላይ ሌላ ሰው የወጣበት ያህል ከበደው። እስከ ትናንት ቢዋሽ ለብቻው ነበር። አሁን ውሸቱ ርዕሰ መምህርም ተሾመለት።

በሥልጠናው ቀን ማዳም ሐስና ድምፅ ማጉያው ስለማይሠራ የመምህር ሮብሌን ድምፅ ማሰማት እንዳልተቻለ ለእንግዶቹ ገልጻ ይቅርታ ጠየቀች። ዋበሪ ከኋላ፣ «ኧረ ይሠራል፤ ጥዋት ሞክሬዋለሁ» አለ። አርባ ፊት ወደ ሮብሌ ዞረ። ሮብሌ ወደ ማሽኑ ሄደ። ስሙን ፈልጎ ከፈተው። የፊልሳን ድምፅ፣ ጥርት ያለና ጨዋታ የተቀላቀለበት፣ ክፍሉን ሞላው። አሥራ ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እስኪያልቁ አላቋረጠውም።

«ይቺ ልጄ ናት» አለ በሶማልኛ። «የእኔ ስልሳ አምስት ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀና ወዲያው ተወው። ከታጁራ የመጣ ሁመድ የሚባል ሸምገል ያለ የአፋር መምህር ቀስ ብሎ ተነሳ።

«የእኔንም ያነበበው የእህቴ ልጅ ነው» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሌላ የተነሳ የለም። ብዙዎቹ ግን ጠረጴዛቸውን ማየት ያዙ፤ አንዱ የማዳመጫውን ገመድ ሲጠቀልልና ሲፈታ ቆየ። ማዳም ሐስና ስልኳን ይዛ ወጣች።

ቤት ሲደርስ ፊልሳን ከሥራ ባልደረባዋ ሰምታ ጠበቀችው።

«አርባ ሰው ፊት አሰማኸኝ?»

«እውነቱን ለመናገር ብዬ ነው።»

«እውነቱን በራስህ አፍ መናገር ትችል ነበር። ስትልከውም አልጠየቅከኝ፣ ስታሰማውም አልጠየቅከኝ።» ሁለት ሳምንት አላነጋገረችውም። ሮብሌም ጥፋተኛ መሆኑን ስላወቀ አልተከራከረም።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ከሥልጠናው በዘጠነኛው ቀን መጣ። ሁመድ መዝገብ ቤት ገባ። ሮብሌ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበት ከኃላፊነቱ ተነሳ፤ ቁልፉንም ለዋበሪ አስረከበ። ማስተማሩን ግን አልከለከሉትም፤ ለታችኞቹ ክፍሎች የሚተካው ሰው አልነበረምና። ምትክ እስኪገኝ በየሦስት ወሩ እንዲፈተን ታዘዘ። ማዳም ሐስና ግቢ ውስጥ ስታገኘው ሰላምታውን ትመልሳለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የላትም።

ታሪኩን ለልጆቹ ማንበብ እንደገና ጀመረ። ጓደኞቹም መልሰው ፍራሽ ለቀቁለት፣ በእርግጥ ለአንድ ወር ሲቀልዱበት ከከረሙ በኋላ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ ዋበሪን አስፈቅዶ ከተማሪዎቹ መካከል ማዳመጫ አድርጎ ይቀመጣል። በመጋቢት ስልሳ ስድስት አገኘ፣ በሰኔ ስልሳ ስምንት። ጡረታው ሦስት ዓመት ይቀረዋል። ስክሪኑ ሲቀላ ያየ ልጅ ቀና ብሎ «አይዞዎት መምህር» ይለዋል፤ እሱም ራሱን ነቅንቆ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይጀምራል።