የባለቤቴ አፍንጫና የከተማው ውሃ

ባለቤቴን ከተማው በሙሉ «አፍንጫው» ይለዋል። አፍንጫው ትልቅ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ ላይ እንኳ ፈጣሪ ቆጥቦበታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በውሃ ማጣሪያ ጣቢያው የሠራ ሰው ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍንጫው ሥር ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ «ክሎሪኑ አንሷል» ወይም «ዛሬ ትንሽ በዝቷል» ካለ አለቀ፤ ላቦራቶሪ ተልኮ መልሱ ሲመጣ እሱ ያለው ነው። አንድ ጊዜ ጎረቤት ቤት ተጋብዘን የቀረበለትን ውሃ አሽትቶ «ታንከራችሁ ከታጠበ ስድስት ወር አልፎታል» ብሎ ባለቤቶቹን መግቢያ አሳጥቷቸዋል። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ብረግጠው «ምን ትረግጪኛለሽ፣ እውነቴን ነው» አለ፤ ያውም ጮክ ብሎ።

ሥራው ለመስማት ቀላል ነው። የወንዙ ውሃ ይረጋል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ይንጠባጠብበታል። የመጨረሻዋ ጠብታ የእሱ ናት። ጠዋት ጠዋት የክሎሪኑን ዱቄት በኩባያ ሰፍሮ በርሜል ውስጥ ይበጠብጣል፤ ከዚያ ወደ ከተማ ከሚወጣው ቧንቧ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ይቀዳና አንዲት ነጭ ክኒን ይጥልበታል። ውሃው ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለው፤ በደመቀ ቁጥር ክሎሪኑ ብዙ ነው፤ ነጭ ሆኖ ከቀረ የለውም ማለት ነው። እኔ ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩት ሴትዮ ይህን የማውቀው ሃያ ስድስት ዓመት እራት ላይ ስለሰማሁት ነው። «ክኒኑ ለመዝገብ ነው፣ ለሰው የሚሆነው አፍንጫዬ ነው» ይል ነበር።

ያ አፍንጫ እኔን ምን ያህል እንዳማረረኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ገና ከበር ሳይገባ «ድስቱ ከሥሩ ይዞሻል» ይላል። «ይህ ፎጣ ሳይደርቅ ነው የታጠፈው።» «ይህን ዘይት ማን ሸጠልሽ?» እንደ አማት ነበር የሚያደርገው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ከባድ ጉንፋን ይዞት ሁለት ሳምንት ተኛና ሲነሳ ሌላ ሰው ሆነ። ያቀረብኩለትን ዝም ብሎ ይበላል። አንድ ቀን ወተት ገንፍሎ አርሮ ቤቱ ሁሉ በጭስ ታፍኖ እሱ አጠገቡ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። «ዕድሜ ገራው» ብዬ ለእህቴ አወራሁላት። አሁን ሳስበው ጣቴን ነው የምነክሰው።

ዘንድሮ ዝናቡ በርትቶ በነበረበት ወር ሚጢጢ እኛ ጋ ነበረች። ሚጢጢ የልጄ ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። እናቷ በሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ ቤት እስክታገኝ አደራ ብላ ትታልን ሄዳለች። አንድ ጠዋት ውሃ ስሰጣት ብርጭቆውን ገፋ አደረገችና «አያቴ፣ በረኪና ነው» አለችኝ። ቀመስኩት። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ። በዚያው ሳምንት ጥቁር ሰማያዊ ቀሚሴን ባጥበው ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አውጥቶ ቁጭ አለ።

ማታ እራት ላይ «ውሃህ በረኪና ሆኗል» አልኩት።

«ክሎሪኑ አልበዛም፣ ጭራሽ ጠፍቷል እንጂ» አለኝ። «ሦስት ቀን ሆነው፣ ክኒኑን ስጥለው ነጭ ነው የሚለኝ። ዝናቡ ውሃውን አደፍርሶት ክሎሪኑን እየበላብኝ ነው። ትናንት ጨመርኩ፣ ዛሬም ጨመርኩ፣ ነገም እጨምራለሁ።»

«እኔ ልብሴ ነጣ እልሃለሁ፣ አንተ ጠፋ ትለኛለህ?»

«ሳሙናሽን ቀይሪ።»

ብርጭቆውን አፍንጫው ሥር ደቀንኩለት። «እስቲ አሽተው።» ተቀበለኝና እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ ያዘው። «ምንም የለውም» አለ። ያ አፍንጫ ከፈረደ በኋላ ምን ይባላል? የራሴን አፍንጫ ተጠራጠርኩ።

ጎረቤቶቼ ግን አልተጠራጠሩም። «ኧረ ለባልሽ ንገሪው፣ ልጆቻችን ዓይናቸው ቀላ» ይሉኛል። ውጭ ስወጣ እሟገትለታለሁ፤ ቤት ስገባ እነዘንዘዋለሁ፤ እሱ ወይ ፍንክች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። እኔም በመጨረሻ ተውኩት። በስሙ የሚኮራን ሰው ከተማው ፊት ማዋረድ አልሆንልኝ አለ፤ ለዚህ ብዬ ነው አሁን የምነግራችሁን ያደረግሁት።

ከቄራው ጀርባ በእጅ የሚገፋ የጉድጓድ ውሃ አለ። ከስምንት ዓመት በፊት የመጸዳጃ ጉድጓዶች ፍሳሽ እንደሚገባበት አረጋግጦ እጀታውን በሰንሰለት የቆለፈው፣ ቀይ ቀለም የቀባው ራሱ ባለቤቴ ነው። ቁልፉም የሚኖረው ከእሱ ቁልፎች ጋር ነው። እኔ ደግሞ «ስምንት ዓመት ያልተነካ ውሃ ራሱን ሳያጠራ አይቀርም» አልኩ በልቤ። እሑድ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ቁልፉን ፈልቅቄ ወሰድኩ። መጀመሪያ ቡናማ ወጣ፤ ከዚያ ጥርት፣ ኩልል ያለ። ቀዝቃዛ ነው፤ ምንም አይሸትም፤ ሲቀምሱት ይጣፍጣል። ጀሪካኔን ሞልቼ ተመለስኩ። ለእሱ የራሱን የቧንቧ ውሃ በራሱ ማሰሮ አስቀመጥኩለት፤ ለእኔና ለሚጢጢ የጉድጓዱን።

በማግሥቱ አንዷ ጎረቤቴ አየችኝ። በሦስተኛው ቀን ሰልፍ ሆነ። «አደራ፣ ባሌ እንዳይሰማ» አልኳቸው። ሴት ምስጢር አትጠብቅም የሚል ካለ መጥቶ ያንን ሰልፍ ይጠይቅ፤ ሠላሳ አባወራ ከአንድ ጉድጓድ ሲቀዳ እሱ ጆሮ አልደረሰም።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሚጢጢ አስመለሳት። ከዚያ ሆዷ ተፈታ፤ ውሃ፣ ውሃ ብቻ። ረፋዱ ላይ ዓይኖቿ ጎድጉደው ገቡ። ስታለቅስ እንባ የላትም። ባለቤቴን ከሥራ አስጠራሁት፤ እንዳያት አቅፏት ሮጠ። እኔ በአንድ እግሬ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው የእሱን ጫማ አድርጌ ከኋላ እከተላለሁ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ግሉኮስ ሊተክሉላት ደም ሥሯ ጠፋ። አንዴ ወጓት፣ ሁለቴ ወጓት፣ በአራተኛው ተገኘ። በልቤ «እናቷን ምን ልላት ነው» እላለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። እጇን እየታጠበች «ከእናንተ ሠፈር በአራት ቀን ውስጥ አሥራ አራት ሕፃን ነው የመጣብኝ» አለች። «ምን ውሃ ነው የምትጠጡት?»

ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። «የእኔን ውሃ ነው» አላት። «የማጣራው እኔ ነኝ ልጄ። ክሎሪኑ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ብጨምር ብጨምር አልታይ አለኝ። ሳይነግሩኝም ገብቶኛል፤ ልጆቹን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ።»

እኔ ዝም። አዎ፣ ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት አብሬው የኖርኩት ሰው የእኔን ኃጢአት ጀርባው ላይ ሲጭን ቆሜ አየሁ። ሐኪሟ ባትናገር ኖሮ ያን ቀን ዝም ብዬ እወጣ ነበር ብዬ ነው የምፈራው።

«እንዴት ነው ጠፋ የሚሉኝ አባባ?» አለችው። «የቧንቧችን ውሃ ዓይን ያቃጥላል እኮ።» ከመታጠቢያው በኩባያ ቀድታ ሰጠችው። አሸተተና «ምንም የለውም» አለ። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ሸቶኛል። ሐኪሟ ትኩር ብላ አየችው። «ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለችና መርፌ ከመውጋታቸው በፊት የሚቀቡትን አልኮል ጥጥ ላይ አፍስሳ አፍንጫው ሥር ያዘችለት።

«ምን ይሸትዎታል?»

«ምንም። ወረቀት ነው?»

ክው አልኩ። ያ አፍንጫ፣ ከተማው ስም ያወጣለት አፍንጫ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ከዚያ ጉንፋን ወዲህ» አላት። እኔን አላየኝም። «ይመለሳል ስል፣ ይመለሳል ስል ሦስት ዓመት ሆነው። ምላሴም ብዙ አይለይልኝም።»

ሦስት ዓመት። ያረረ ሲበላ ጨዋ ሆነልኝ ስል፣ ለካ ሰውዬው ምንም አይሸተውም። ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ እየተኛ ይህን ደበቀኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእሱን በሽታ ግን ከተማው ሁሉ ነው የጠጣው።

«ክኒኑ ግን አይዋሽም» አለ እጁን ኮቱ ኪስ እየከተተ። ብልቃጧን አወጣና ከዚያው ኩባያ ቀዳ፤ ክኒኑን ጣለ፤ ክዳኑን ገጥሞ እየናጠ ዞር ብሎ የቀለም መለኪያ ካርዱን ከኪሱ ፈለገ። «ይኸው፣ ነጭ ነው።»

«ቀልቶ ነበር እኮ» አልኩት።

«ምን?»

«ገና ስትጥለው። ቦግ ብሎ ቀላና ጠፋ። አንተ ካርድህን ትፈልግ ነበር።»

እንደገና አደረገው። አሁን ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ክኒኑ ውሃውን እንደነካ ደማቅ ሮዝ ቦግ አለ፤ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ነጣ። የባለቤቴ ፊትም አብሮ ነጣ። «ሲበዛ ቀለሙን ራሱን ይበላዋል» አለ። ይህን አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ እሱ ራሱ ግን ልብ ብሎት አያውቅም፣ ሲበዛ አፍንጫው ቀድሞ ይነግረው ነበርና። በኋላ እንደታወቀው፣ በዚያ ወር የመጣው አዲስ ዱቄት ከድሮው በጣም የበረታ ኖሯል፤ በድሮው ኩባያ ነበር የሰፈረው። የሚያንጠባጥበውም ቧንቧ ተቀይሮ በጠብታ ፈንታ ክር ያወርድ ነበር። እሱ ደግሞ የለም፣ የለም እያለ በየቀኑ ይጨምራል።

ሐኪሟ ግራ ተጋባች። «እንዲህ ክሎሪን የበዛበት ውሃ ጉሮሮ ያቃጥል ይሆናል እንጂ ይህን በሽታ አያመጣም። ታዲያ ልጆቹ ምን ጠጥተው ነው?»

«ከቄራው ጀርባ ካለው ጉድጓድ» አልኩ።

ባለቤቴ ዞረ። «የተቆለፈ ነው እኮ። ማን ከፈተው?»

«እኔ። ቁልፍህን ወስጄ።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ለምን?» አለኝ ብቻ።

«አንተን ላለማሳፈር ብዬ።»

«እኔም ላለማፈር ብዬ ነው» አለና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። የሚጢጢን እግር በእጁ ይዞ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ወጣ። ሐኪሟ «እናቴ፣ እርስዎም ይሂዱ፤ ልጅቷን እኔ አያታለሁ» አለችኝ።

ጉድጓዱ ጋ ስደርስ ሰልፉ እንዳለ ነው። እሱ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። «ይህ ውሃ ልጆቻችሁን እየገደለ ነው፣ ድፉት» ይላል። «ያንተ ውሃ አይደል እንዴ ወደዚህ ያባረረን?» አሉት። «እሱንም እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ። «አፍንጫዬ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው። አይሸተኝም። ደብቄያችሁ ነው።» ከወደ ኋላ አንዷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ደገመው። ያኔ ማንም አልሳቀም።

«የከፈትኩት እኔ ነኝ» አልኩ እኔም። ልጇ ከሚጢጢ አጠገብ አልጋ የተኛባት ጎረቤቴ የሞላ ጀሪካኗን አነሳችና እግሬ ሥር ገለበጠችው። ጫማዬ ውስጥ ገባ። ሌሎቹም ተራ በተራ ደፉ።

ሁሉም ልጆች ዳኑ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው በርሜሉን አስተካከሉ፣ መስመሩን አጠቡ፣ የጉድጓዱን እጀታ ነቅለው ወሰዱ። ባለቤቴ ማባረሪያ ሳይጽፉለት ራሱ ማመልከቻ ጽፎ ከክሎሪኑ ክፍል ወጣ፤ አሁን ግምጃ ቤት ውስጥ ቧንቧና ማጠፊያ ይቆጥራል። ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩን ዘግታብኝ ሁለት ቀን አላነሳችም።

ሚጢጢ ከጤና ጣቢያ በወጣች በሳምንቷ፣ የቧንቧውን ውሃ መጠጣት ይቻላል ተብሎ በተነገረበት ቀን፣ ምሳ በልታ «አያቴ፣ ውሃ» አለች። ባለቤቴ ተነስቶ ከቧንቧው በብርጭቆ ቀዳ። እንደ ልማዱ ወደ አፍንጫው አስጠጋና እጁ እመንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋው።

«አንቺ አሽቺልኝ» አለኝ።

ተቀበልኩት። አሸተትኩ። ደግሜ አሸተትኩ። ምንም አይልም። በረኪናም የለው፣ ሌላም የለው። ልሰጣት እጄን ስዘረጋ የጉድጓዱ ውሃም ምንም ይሸት እንዳልነበረ ትዝ አለኝ።

«ምን ይላል?» አለ ባለቤቴ።

«ምንም አይልም» አልኩት። ብርጭቆውን ግን መስጠት አቃተኝ። እሱ እኔን ያያል፣ እኔ ውሃውን አያለሁ። ልጅቷ እጇን ዘርግታ «ውሃ» አለች እንደገና።